ከወይራው ሥር ያለ ገጽ

ሰቆጣ፣ ግንቦት 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቄ፣ ለእታለሜ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እንደምን ባጀሽ? ከጥምቀት ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁምና ሰላምታዬ ተጠራቅሞ ብዙ ሆኗል፤ ሁሉንም ባንዴ ተቀበይኝ። በረኪና የላጠው እጅሽ ዳነልሽ ወይ? እንቅልፍሽስ ተመለሰ? ያ የባሕር ንፋስ አሁንም ያስልሻል? ማዳምሽ በረንዳውን በቀን ስንቴ ታሳጥብሻለች?

እኔን ከጠየቅሽ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር የሚያመኝ የለም። እማ ጉልበቷን እያማረረች ደኅና ናት። አባባም ደኅና ነው፤ ስለ እሱ ኋላ እነግርሻለሁ። ቀይዋ ላም ወንድ ጥጃ ወልዳለች። ስም አልወጣለትም፤ እማ የከብት ስም የማውጣት እጅ ያላት እሷ ብቻ ናት ብላ አንቺን እየጠበቀች ነው። እኔ ሁለት ስም ባመጣ ሁለቱንም ጣለችብኝ።

ቢሆንም ተቀይሜሻለሁ። ሁለት ጊዜ ጽፌልሽ አልመለስሽም። ሁለተኛውንማ ልብ እንድትዪው ብዬ በቀይ እስክሪብቶ ነው የጻፍኩት። መጻፍ ከከበደሽ ባዶ ወረቀት አጥፈሽ ብትልኪልኝ እንኳ ምን ነበረበት? ያንቺ እጅ ያጠፈው መሆኑን አውቃለሁ። ሰው ይህን ያህል አይጨክንም፤ አንቺ ደግሞ ጨካኝ አልነበርሽም።

አሁን የምጽፍልሽ ከደብሩ ግቢ፣ ከመቃብሩ መካከል ቁጭ ብዬ ነው። አትቆጪ፤ ያስለመድሽኝ አንቺ ነሽ። የአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ላይ ነኝ። ሒሳቡም እንግሊዝኛውም ፊዚክሱም አልፏል፤ የቀረኝ ነገ ጠዋት ባዮሎጂ ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ ሁሉም ያልቃል። ይህን ደግሞ ሰሞኑን የማያሳስበኝ ሰው የለም።

ታስታውሻለሽ መቼም። አንቺ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ። ቤት ጩኸት ስለሆነ፣ ሰቆጣ ውስጥ የሚያጠና ሁሉ እንደሚያደርገው መጽሐፍሽን ይዘሽ ወደ ደብሩ ትወጫለሽ፤ እኔ ከኋላሽ ኩስ ኩስ እላለሁ። ሌሎቹ ጥላ ይዘው በለሆሳስ ያነባሉ። አንቺ ግን የራስሽ ዘዴ ነበረሽ፤ አንዱን ገጽ ለአንዱ መቃብር ትሰጪ ነበር። ከራስጌው ቆመሽ ገጹ ከነነጥቡ እስኪወጣልሽ ጮክ ብለሽ ትደጋግሚዋለሽ፤ ከዚያ በጠጠር ድንጋዩን ሦስቴ አንኳኩተሽ አደራ ትዪና ወደሚቀጥለው ታልፊያለሽ። የደም ዝውውር አቶ ፋንታሁን ዘንድ ነበር፤ ከአፋር ጨው ሲያመላልስ የኖረ ሰው መዞር አያቅተውም ብለሽ። የምግብ መፈጨትን ለወይዘሮ ተዋበች ሰጠሻት፤ የድግስ እናት ነበረች። ነርቮቹን ለባላምባራስ የሻምበል፤ ቁጡ ነበሩ ይባላል። ፈተና ክፍል ውስጥ ዐይንሽን ጨፍነሽ በሐሳብሽ ከመቃብር መቃብር ትዞሪያለሽ፣ ሟቾቹም አደራቸውን ይመልሱልሻል። የክፍልሽ ልጆች ካሴቷ ይሉሽ ነበር።

ከወይራው ሥር ላለችው ባዶ ቦታ ብቻ ገጽ አልሰጠሻትም። ሲደክምሽ ጋደም የምትዪው እዚያ ነበር። ለዚህችስ ምን ትሰጪያታለሽ ብዬ ብጠይቅሽ፣ ይቺ የኔ ናት፣ እዚህ አላጠናም አልሽኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ፈተናው መጣ፤ ወደቅሽ። ያን ቀን ለእማ ያልሻትን እስከ ዛሬ ትደግመዋለች፤ ጥያቄዎቹ ሌላ ልብስ ለብሰው መጡብኝ አልሽ። መጽሐፉ ልብ ደምን ወደ ሳንባ ትገፋለች ይላል፤ ወረቀቱ ደግሞ የሳንባው በር ቢጠብ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀሽ። አቶ ፋንታሁን የሰጠሽውን መለሰልሽ፤ ያልሰጠሽውን ከየት ያምጣው? ከዚያ ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቤሩት። ለመቃብሮቹም ደኅና ሁኑ ሳትዪ ሄድሽ።

ከቤሩት የጻፍሽልኝን ምክር ግን አልረሳሁም። ዓረብኛውንም መጀመሪያ እንደ ባዮሎጂው ሸምድደሽው ነበር። የማዳምሽን ትእዛዝ በቃልሽ ይዘሽ፣ እሷ አንድ ቃል ስትለውጥ፣ ብርጭቆ አምጪ ስትባዪ ድስት ተሸክመሽ ትሄጃለሽ። ኋላ ቃሉን ትተሽ ነገሩን ማየት ጀመርሽ፤ ሴትዮዋ ምን ፈልጋ፣ ለምን ፈልጋ፣ በምን ሰዓት። ያን ጊዜ ቋንቋው ገባሽ፤ ከገባሽም በኋላ እንዲጠፋብሽ ብትፈልጊ እንኳ አልጠፋም። የሸመደድሽው የሰው ዕቃ ነው፣ ባለቤቱ ሲመጣ ይወስደዋል፤ የገባሽ ግን ሥጋሽ ይሆናል ብለሽ ጻፍሽልኝ።

መግባቱን በምን አውቃለሁ ብዬ መለስኩልሽ። ያንቺ መልስ አጭር ነበር፤ ለእማ በኽምጣንጋ አስረጃት። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ መምህሩ በአማርኛ ያወራል፤ በሁለቱም የሰሙትን እየደገሙ ማምለጥ ይቻላል። በቤታችን ቋንቋ ግን የሚደገም የለም፣ ከሆድሽ ማውጣት አለብሽ። እማ ከገባት ገብቶሻል፣ ካልገባት አልገባሽም። ሕጉ ይህ ነው አልሽ።

እታለም፣ እማ ከማትሪክ ፈታኝ ትብሳለች! እንዝርቷን እያሾረች ትሰማኛለች፣ አንዲት ነገር ካድበሰበስኩ እንዝርቱን ታቆማለች። ልብ አራት ክፍል አላት ስላት፣ በሰቆጣ አራት ክፍል ቤት ያለው ማን ነው ብላ ሳቀችብኝ። ደሙ ቀጥ ብሎ ወደ እጅና ወደ እግር መሄድ ሲችል በሳንባ የሚዞረው ለምንድን ነው አለችኝ። ይዞራል የሚለውን እንጂ ለምን የሚለውን አላውቀውም ነበር። ተመልሼ አነበብኩ፣ መምህሬን ጠየቅሁ፣ መጣሁና ባዶ ጀሪካን የጫነች አህያ ሳትሞላ ቤት ብትገባ ምን ይጠቅማል፣ ደሙም ሳንባ ዘንድ ወርዶ አየር መቅዳት አለበት አልኳት። ትንሽ አሰበችና እንግዲያስ የምንጩ መንገድ ቢጠብ አህዮቹ ከኋላ ይታጨቃሉ አለች። አንቺን የጣለው ጥያቄ ይኸው ነበር። ነገሩ ከገባ ልብሱን ቢለውጥም ይታወቃል፤ እኔም ያን ዕለት ምክርሽ ገባኝ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሳምንት ልብን እንደገና ሳስረዳት እንዝርቱ ከእጇ ወደቀ። ደረቷን ያዘች። ምን ሆንሽ ብላት፣ እዚህ ውስጥ በር የተዘጋ መሰለኝ አለችኝ። ብዙም አልቆየ፣ እንዝርቷን አንሥታ ይኼስ የትኛው ገጽ ላይ ነው ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ብፈልግም አላገኘሁትም።

ወደ ደብሩ መውጣት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የፈለግሁት ጸጥታ ብቻ ነበር፤ የአደራሽን ነገር በልቤም አላሰብኩት። በመጀመሪያው ቀን በአቶ ፋንታሁን መቃብር አጠገብ ሳልፍ አፌ በራሱ ተከፈተና እንግሊዝኛ አወጣ። በኔ መጽሐፍ የሌለ ነው። መጽሐፉ እኮ ካንቺ ወዲህ ተለውጧል። ዐረፍተ ነገሩ ተከታትሎ ወጣ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሳልኩ። ሳል አልነበረብኝም። ቆይቶ ነው ትዝ ያለኝ፤ አንቺ እዚያች ቦታ ላይ ስትደርሺ ሁልጊዜ ታስይ ነበር።

ወደ ወይዘሮ ተዋበች ሄድኩ፤ ሰጠችኝ። ወደ ባላምባራስ ሄድኩ፤ ሰጡኝ። የባዮሎጂ መምህራችን መምህር ተስፋው አሮጌውን መጽሐፍ ከዕቃ ቤት አውጥቶ ሲያመሳክረው አንድ ቃል አልጎደለም። ሰውዬው የሚያስፈራው ነገር የለም፤ ልጅ ሳለሽ እየተደጋገመ የሰማሽው ጆሮሽ ውስጥ ቀርቶ ነው፣ ጆሮ ለመያዝ መረዳት አያስፈልገውም ብሎ ሳቀ። ልክ ነው አልኩ። ግን ያልነገርኩት ነገር አለ። ቤት ሆኜ ስሞክረው አንዲት ፊደል አይመጣልኝም። ከድንጋዩ ራቅ ስል መሀል ላይ ይቆማል፣ ስመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔን ያስፈራኝ መምጣቱ አይደለም፣ እንደዚያ መቆሙ ነው።

መሪጌታ ወልደ ጻድቅን ታውቂያቸዋለሽ፤ አሁንም ከደብሩ በር ሥር ተማሪዎቻቸውን ቃል እያስያዙ ያስቀጽላሉ። ቢጨንቀኝ ለእሳቸው ነገርኳቸው። አልሳቁም። እኅትሽ ስትሄድ አደራዋን አንሥታ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላነሣችም አልኳቸው። ታዲያ አደራ በምድር አደራ በሰማይ ነው፣ ሟቾቹ የሰው ነገር ይዘው እንዴት ይረፉ አሉ። ቃሉ መጥቶ ነገሩ የማይገባኝ ለምንድን ነው ብላቸው፣ በእኛ ትምህርት ቤትም ቃሉ ይቀድማል፣ ትርጓሜው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል፣ አትጥሪው አሉኝ። እኔም አልጠራሁትም።

አሁን ወደ ወይራው ልምጣ። እዚያ ማንም አልተቀበረም፣ አንቺም ገጽ አልሰጠሽውም፤ ስለዚህ እኔ ያለ ፍርሃት የማርፍበት እሱ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋደም ብዬ ኬሚስትሪ ሳገላብጥ አፌ ተከፈተ። እንግሊዝኛ አይደለም። አማርኛም ኽምጣንጋም አይደለም፤ ከአበርገሌ የሚመጡ ነጋዴዎች እንደሚናገሩት ያለ ትግርኛም አይደለም። አጭር አጭር ነው፣ በቃሉና በቃሉ መካከል ትንፋሽ አለው። መጀመሪያው «ፍተሒ ልባብ» ይላል፤ እሱን ሦስቴ ይደግመዋል። የቀረውን እዚህ አልጽፈውም። በማግስቱ ስመለስ ያው ነው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። ምናልባት ቴሌ ሆኜ ስልክ ስታናግሪኝ ከኋላሽ የሰማሁት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሳልፈልግ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ፣ ትርጉሙን ግን አላውቀውም።

ያገራችን ልጅ ይታየሽ ከቤሩት ተመልሳ ከቤታችን በታች ሱቅ ከፍታለች። ስድስት ዓመት የኖረችበት አገር ነው ብዬ ሄድኩና ልክ እንደመጣልኝ አልኩላት። ስኳር እየመዘነች ነበር። ስኳሩ ከሚዛኑ አልፎ መሬት ላይ ሲፈስ እሷ የምታየው እኔን ነበር። ማነው የነገረሽ፣ አባትሽ ነው ወይ አለችኝ። አባባ ዓረብኛ ከየት አምጥቶ ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። መጀመሪያው በሩን ክፈቺ ማለት ነው አለች። የቀረውስ ስላት ረሳሁት አለችኝ። ስድስት ዓመት የበሉበት ቋንቋ እንዲህ ቶሎ ይረሳል እንዴ? ስወጣ ግንባሬን ሳመችኝና በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ዘጋች።

ለምን አባትሽ እንዳለች ግን ሐሳቡ አልለቀቀኝም። በዕርገት ማግስት አባባን ስልክ አለህ ብለው ከቴሌ ጠርተውት ነበር። እማ እኔም ልሂድ ብትል ጉልበትሽን ብሎ ትቷት ሄደ። ሲመለስ መሽቶ ነበር፤ መስመሩ ተቋረጠ አለ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ድረስ ይሸኘኛል። የክፍሌን በር በየት በኩል እንደሆነ የማያውቅ ሰው! ሁለት እስክሪብቶ ገዝቶልኛል፣ አንዱ ቢነጥፍ ብሎ። አጥሩ ሥር ቆሞ እስክወጣ ይጠብቀኛል፣ ስወጣ ስንቱን ሠራሽ አይልም፣ ስንት ቀረ ነው የሚለኝ። ትናንት አንድ ብቻ ቀረ ስለው ፊቱን አዙሮ በጋቢው ጠረገው።

አክስታችን ውባንቺ በእርሻ ወቅት ከአበርገሌ መጥታለች። ስትገባ የነጠላዋ ጥለት ወደ ፊቷ ተገልብጦ ነበር፤ እኔን ስታይ ፈጥና አስተካከለችው። ምነው ብላት ንፋስ ነው አለች። ከጋዝጊብላም ከፃግብጂም ዘመዶች መጥተዋል፤ ግን እኛ ቤት አያድሩም፣ ጎረቤታችን መንግሥቴ ቤት ነው የሚያድሩት። የእድሩ ድንኳንም በእሱ ግቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ለሰርግ ነው አለኝ መንግሥቴ። በሰኔ ጾም ሰርግ! ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የመንግሥቴ ግን ሲነሣም ቀላል ነበር። ሁሉም ደግሞ ሲያዩኝ የሚሉት አንድ ነው፤ ብቻ ፈተናሽን ጨርሺ። አክስቴም እሱን፣ መንግሥቴም እሱን፣ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ እንኳ እሱን። አንድ ላይ ተቀምጠው የሸመደዱት ነው የሚመስለው።

እኔስ ብሆን? ይህን ሁሉ በተራ ይዤዋለሁ። ስልኩን፣ ስኳሩን፣ ነጠላውን፣ ድንኳኑን ማንም ቢጠይቀኝ ሳልሳሳት እደግመዋለሁ። ከዚህ ምን ትረጃለሽ ካሉኝ ግን አልመልስም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ይኸውልሽ፣ ስንት ዓመት ለመረዳት ስታገል ኖሬ አሁን ደግሞ ላለመረዳት እታገላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይኼኛው ይብሳል።

እማ ምንም አልሰማችም። ማለቴ፣ የነገራት የለም። እሷ ግን እንግዳው ሲበዛ፣ ሹክሹክታው ሲበዛ አይታ የራሷን መልስ አግኝታለች። ትናንት ጠጋ ብላ በኽምጣንጋ፣ ልጄ ልትመጣ ነው፣ አይደል አለችኝ። ሊያስደንቁኝ ብለው ነው የደበቁኝ፣ እኔ ሞኝ መሰልኳቸው ብላ ሳቀች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ግድግዳውን በነጭ አፈር መቀባት ጀምራለች፣ የሳጥኑን ቁልፍ ከአንገቷ አውርዳ ያንቺን ቀሚስ አናፈሰችው። ጥጃውንም ነገ ስም ታወጣልሃለች እያለች ታዋራዋለች።

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እጇን ያዝኩ። ደምን፣ ሳንባን፣ ልብን ያስረዳኋት እኔ ነኝ፤ ይኼንንም እኔ ባስረዳት ይሻላል ብዬ አፌን ከፈትኩ። በኽምጣንጋ አንድ ቃል አልመጣልኝም። በአማርኛም ሞከርኩት፤ የሚመጣልኝ ሰዎች የሚሉት ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ ሕጉን አውጥተሻል፤ ለእማ ማስረዳት ያልቻልሽው አልገባሽም ብለሻል። እንግዲያስ አልገባኝም። በራስሽ ሕግ አልገባኝም፣ እታለም። አዎ፣ ልትመጣ ነው አልኳት። እሷም ነጭ አፈሯን ማቡካቷን ቀጠለች።

ዛሬ እዚህ ስደርስ ከወይራው ሥር አፈሩ ተከፍቶ አገኘሁት። ሁለት ሰዎች ሲቆፍሩ ነበር፣ ሲያዩኝ አካፋቸውን ትተው ውኃ ልንጠጣ ብለው ሄዱ። መሪጌታን ምንድን ነው ብላቸው የችግኝ ጉድጓድ ነው አሉኝ። ለችግኝ ረዘመ አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ቅጽሩ ገቡ። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ አንቺ ጋደም ትዪበት የነበረውን ያህል ነው። ከዚያ ቦታ የሚመጣውን ጠበቅሁ፤ ዛሬ ምንም አልመጣም። ጸጥ ብሏል። እኔም እዚያው ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ከዚያ ተነሥቼ አደራሽን ሰበሰብኩልሽ። አቶ ፋንታሁንን አንኳኩቼ የእኅቴን አደራ ተቀብያለሁ አልኩት። ወይዘሮ ተዋበችንም፣ ባላምባራስንም፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። አሁን በአጠገባቸው ሳልፍ አፌ ዝም ይላል። ያንቺ የሆነ ምንም ነገር እነሱ ዘንድ አልቀረም፤ ከእንግዲህ ልባቸው ያርፋል።

ነገ ባዮሎጂ አለ። ልብ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነኝ፣ በየትኛውም ልብስ ይምጣ አውቀዋለሁ። የፈራሁት ከእሱ በኋላ ያለውን ነው። መጨረሻ ላይ አንዲት ጥያቄ ሳልመልስ ብተዋትስ? ሁሉም ወረቀታቸውን አስረክበው ሲወጡ እኔ እስክሪብቶዬን ሳላስቀምጥ ብቀመጥስ? እስክሪብቶው እጄ ላይ እስካለ ድረስ ፈተናው አላለቀም፣ ፈተናው እስካላለቀ ድረስ ማንም ምንም አይነግረኝም፣ እማም ግድግዳዋን ትቀባለች። ለዚህ ይሆን አባባ ሁለት የገዛልኝ?

ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አልወስደውም። ሰውዬው ሲያየኝ ዐይኑን ይሰብራል። አጥፌ ከወይራው ሥር፣ ከተቆፈረው አፈር ላይ አኖረውና በጠጠር ሦስቴ አንኳኳለሁ። ማን ነው ብለሽ አትደንግጪ። ማዳምሽ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። በሩን ልከፍትልሽ ነው የመጣሁት።

የአባቶቻችን አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ። እጅሽን ያለስልስልሽ፣ ደረትሽን ያስፋልሽ፣ የምትተነፍሽውን አየር አይንፈግሽ። ብርድ አይንካሽ። እማ ከደጃፉ ቆማ ትጠብቅሻለች፣ ቀሚስሽ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፣ ጥጃው ስም ይፈልጋል። በሰላም ግቢ፣ እታለሜ።

ነገ እስክሪብቶዋን ቶሎ የማታስቀምጠው
ታናሽሽ